ካንዴላውን ከመቀየራችሁ በፊት የቤንዚን ታንኩን ክዳን እዩት

ነሐሴ 16 ቀን ነው። ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ዑራ ገዳም ወስጃቸው የነበሩ ሰባት ሰዎችን በጀልባዬ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እየመለስኩ ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ የከሰዓቱ ነፋስ ተነስቷል። የክብራን ገብርኤልን ደሴት ትንሽ እንዳለፍን ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ። ነዳጅ ጨመርኩለት። ሁለቴ አስነጠሰ። ከዚያ ጭጭ።

እምቦጭ ተጠምጥሞበት ይሆናል ብዬ ሞተሩን ከውኃው አወጣሁት። ፕሮፔለሩ ንጹሕ ነው። ገመዱን ሳብኩ። ይነሳል፣ አሥር ሰከንድ ይሠራል፣ ይጠፋል። አንዲት እናት ነጠላቸውን እያጣፉ "ልጄ፣ አንተ ብቻ ተረጋጋ፤ እሷ ታውቃለች" አሉኝ። እኔ ግን እንኳን ልረጋጋ እጄ ይንቀጠቀጣል። ደግነቱ ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። መልሕቅ ጣልኩ፣ ገመዱ ደረሰ፣ ጀልባዋ ቆመች። በደንገል ታንኳ የሚያልፍ አንድ ዓሣ አጥማጅ አየን። "ወንድም ዓለም፣ ደንገል እኮ ቤንዚን አይጠይቅም!" ብሎ ስቆብን አለፈ። በመጨረሻ ሌላ ጀልባ ጎትቶ አስገባን።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ሳምንታት ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ግን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነውና ልናገር። ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ቀየርኩ። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን) አስፈታሁ፣ አሳጠብኩ፣ አስገጠምኩ። የቤንዚን ፓምፑን ስስ ላስቲክ ቀየርኩ። ቤንዚን የሸጠልኝን ልጅ "ውኃ ቀላቅለህ ነው የሸጥክልኝ" ብዬ ተጣላሁት። (በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ማኪያቶ ጋብዤው ታርቀናል።) ያን ሁሉ ብር ካፈሰስኩ በኋላም ሞተሩ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ያስነጥሳል። ፀሐይ በፀሐይ ሲሆን ደህና ነው። ምልክቱ ፊቴ ተገትሮ ሳለ አላየሁትም።

ስለ ጀልባዋ ትንሽ ልበል። የፋይበር ጀልባ ናት፤ ስገዛትም አሮጌ ነበረች። ከኋላ የሚሰቀል ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር አላት፤ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚጠጣ ነው። 80 ሊትር የሚይዘው ታንክ (መካኒኮቹ ሰልባትዮ ይሉታል) ከወለሉ ሥር ነው። መሙያው በቀኝ በኩል፣ ሰው በሚረግጥበት መተላለፊያ ላይ ከወለሉ ጋር እኩል ተቀብሯል። ክብ ክዳን አለው፤ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ስላለው በልዩ ቁልፍ ነው የሚከፈተው። ሰው ይረግጠዋል፣ ዝናብ ይተኛበታል፣ ረዳቴ በየጠዋቱ በባልዲ ውኃ ያጥበዋል።

ሞተሩን እንዲፈቱልኝ አንድ የቆዩ መካኒክ ጠራሁ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መፍቻ እንኳ ከቦርሳቸው አላወጡም። "ባዶ ሃይላንድ አለህ?" አሉኝ። ጠርሙሱን ተቀብለው በእጅ ፓምፕ ከታንኩ ሥር ቀዱበት። ጥላ ሥር አስቀምጠውት ስለ ልጃቸው ሠርግ ያወሩኝ ጀመር። እኔ በልቤ "ሰውዬው ሥራ ፈትተዋል" እላለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ጠርሙሱን አነሱና ወደ ብርሃን ያዙት። ከላይ ዘይት የነካው ቤንዚን አለ፤ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ከታች ሁለት ጣት የሚያህል ጥርት ያለ ነገር ተኝቷል። በመካከላቸው በምላጭ የተሰመረ የሚመስል መስመር አለ። ጠርሙሱን ሲያዘነብሉት መስመሩ አብሮ ይንሸራተታል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ውኃ ነው፣ ጋሼ።"

"ከየት መጣ?"

"ሌሊት ታንኩ ውስጥ የሚቋጥር ጤዛ ይሆናላ።"

"ጤዛ ሁለት ጣት ይሞላል እንዴ? ና ክዳንህን አሳየኝ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ቤንዚን ከውኃ ይቀላል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት ሩብ ኪሎ ቢሆን ነው። ስለዚህ ታንክ ውስጥ የገባ ውኃ ሁልጊዜ ወለሉ ላይ ይተኛል። ቤንዚን የሚስበው ቱቦ አፉ ያለውም እዚያው ወለሉ አጠገብ ነው። ጀልባዋ ዳር ታስራ ስትሞከር ውኃው አንድ ጥግ ተኝቶ ይቆይና ሞተሩ እንደ ልቡ ይሠራል። ሐይቁ መካከል ማዕበል ሲያላጋት ውኃው ይንሸራተትና ቱቦው አፍ ላይ ይደርሳል። "ዳር ላይ እኮ ደህና ነበር" የምንለው ለዚህ ነው። ውኃ ደግሞ በጣም የሚገባው በክረምት ነው፤ ማዕበሉም ያኔ አይቀርም። ሁለቱ ሲገናኙ አስቡት።

ክዳኑን የፈተንነው እንዲህ ነው። እናንተም ነገ ጠዋት ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ሳንቲም አያስወጣም። መጀመሪያ የመሙያውን አንገት ውስጡን በደረቅ ጨርቅ አበስነው። ወደ ታንኩ ተጨማሪ ውኃ እንዳይገባ ሌላ ጨርቅ በሲባጎ አስረን ጠለቅ አድርገን ወተፍነው። ሲባጎው ጨርቁን መልሰን እንድንስበው ነው፤ ጫፉንም ክዳኑን እንዳያስተጓጉል እዚያው አንገቱ ውስጥ አጣጥፈን አስገባነው። ከዚያ ክዳኑን እንደ ወትሮው ዘጋነው። ረዳቴ በጣሳ እየቀዳ አምስት ደቂቃ ያህል ቀስ እያለ አፈሰሰበት። ዙሪያውን አደረቅንና ከፈትን። ሦስት ጠብታ በአንገቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እየተከታተለ ሲወርድ በዓይናችን አየን። የወተፍነው ጨርቅም ረጥቧል። በአምስት ደቂቃ እንዲህ ከሆነ ክረምቱን ሙሉ ምን ያህል እንደገባ ገምቱ።

ጋሼ በጥፍራቸው ከክዳኑ ሥር ያለውን ጎማ አወጡት። ይኼን ክብ ቀጭን ጎማ መካኒኮች ኦሪንግ ይሉታል። ሥራው ክዳኑ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ ክፍተቱን መድፈን ነው። የእኔው ግን ኦሪንግ አልነበረም። ዋናው ከአንድ ዓመት በፊት ሲበጠስ እኔው ራሴ ከብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጬ የሠራሁት ነበር። ያኔ በብልሃቴ ኮርቼ ነበር። አሁን አብጦ፣ ለስልሶ፣ ሻይ ውስጥ የተነከረ ዳቦ መስሏል። በሁለት ጣት ስጎትተው ተበጣጠሰ። የከመነዳሪ ጎማ አየር ለመያዝ ግሩም ነው፤ ቤንዚን ሲነካው ግን ይጠጣውና ያብጣል። ለቤንዚንና ለናፍጣ የሚሆነው ናይትሪል የሚባለው ጥቁር ጎማ ነው። ቪቶን የሚባለው ደግሞ ከሱም የበለጠ ይቋቋማል፤ ዋጋውም ይበልጣል። የመኪና ዕቃ መሸጫ ሄዳችሁ "የቤንዚን ኦሪንግ" በሉ፤ የውኃ ቧንቧ ጎማ እንዳትቀበሉ። ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ውፍረቱም ስፋቱም መመሳሰል አለበት። እኔ የገዛሁት ከሁለት ማኪያቶ ዋጋ አይበልጥም ነበር። ለዚህ ነው ሦስት ሳምንት የተንገላታሁት።

ጋሼ ግን በዚህ አላበቁም። "መተንፈሻውስ?" አሉኝ። ታንኩ ቤንዚኑ በጎደለ ቁጥር በቦታው አየር የሚያስገባ ቀጭን ቱቦ አለው፤ አፉ ከጀልባዋ ጎን ላይ ይወጣል። ሄደን ስናየው ተርብ በጭቃ ጎጆ ሠርቶ ግማሹን ደፍኖታል። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ቀን ፀሐይ ታንኩን ታሞቀዋለች፣ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። ማታ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ አየር መሳብ ይፈልጋል። መተንፈሻው ከተዘጋበት በክዳኑ በኩል ይስባል። ክዳኑ ላይ የዝናብ ውኃ ተኝቶ ካገኘ ያንኑ ይጠጣል። ስለዚህ ክዳን ስታዩ መተንፈሻውንም እዩ። ቀጭን ሽቦ ይበቃዋል።

አዲስ ኦሪንግ አድርጌ መስከረምን አለፍኩ። ግን ክዳኑ ራሱ አርጅቷል። ከላይ ክሮም የተቀባ ነው፤ ሥሩ የዚንክ ቅይጥ ነው። ክሮሙ ተልጦ ነጭ ዱቄት ያወጣል። የሚጠመዘዝበት ጥርሱም ተበልቷል፤ ሲጠብቅ ጥርሱን ይዘልና ይዞራል። ቁልፉ ሐይቅ ከገባ ቆይቷል። ረዳቴ በካቻቪቴና በመዶሻ እየመታ ነበር የሚከፍተው፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች ተተርትረዋል። በግልጽ ለመናገር ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ክዳኑን ብቻ ልቀይር ፈለግኩ። አዲስ አበባ የሚኖር ዘመዴን ሶማሌ ተራ ላክሁት። ሦስት የመኪና ታንክ ክዳን ገዝቶ ላከልኝ፤ አንዱም አልገጠመም። የጀልባ ክዳን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ስፋቱ አንድ ቢሆን እንኳ የጥርሱ አካሄድ ይለያል፤ ሁለት ዙር ይገባና ይነክሳል። ክዳን ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ካሊብሮ በሚባለው መለኪያ ለኩ፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለም ቁጠሩ።

ከመኪና ክዳን ጋር ሌላም ችግር አለ። አንዳንዱ ራሱ መተንፈሻ ቀዳዳ አለው። ታንካችሁ የራሱ መተንፈሻ ቱቦ ካለው ድፍን ክዳን ነው የሚያስፈልጋችሁ፤ አለዚያ በቀዳዳው ውኃ ይገባል። ቱቦ ከሌለው ደግሞ ድፍኑን ብትገጥሙ አየር ያጥረውና ሞተሩ በረሃብ ይጠፋል። ይኼን ሳያዩ የሚገዙ ሰዎች ብዙ ናቸው።

በመጨረሻ ሙሉ መሙያውን ከነአንገቱና ከነክዳኑ ለመቀየር ወሰንኩ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ይዞልኝ መጣ። ስቴንለስ ነው፤ አንገቱ 38 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይቀበላል። ነሐስም ጥሩ ነው ይላሉ፤ እኔ አላገኘሁም። ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፤ ግን ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ይበረታል፤ ለፕላስቲክ አያዝንም።

ሥራውን ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሲያቆም ያዝኩት። ከሁሉ በፊት ስለ ትነቱ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ በንኖ አይጠፋም፤ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ወርዶ ይተኛል። አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ስለዚህ ቤንዚኑን ሁሉ ወደ ጀሪካን ቀዳሁት፣ ባትሪውን ነቀልኩ፣ የወለሉን መክፈቻዎች በሙሉ ከፍቼ ግማሽ ቀን አናፈስኳት። ሲጋራ አጫሽ ጓደኛዬን ከአካባቢው አባረርኩት፤ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

አሮጌው መሙያ በአምስት ቪቴ ነው የታሰረው። አራቱ እሺ ብለው ወጡ። አምስተኛው ጭንቅላቱ ተልጧል። የኤሌክትሪክ ትራፓኖ ልጠቀም አልደፈርኩም፤ ውስጡ ብልጭ የሚል ነገር አለው። ከአንድ አናጢ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ ተውሼ ጭንቅላቱን በልቼ አወጣሁት። ከሥር ቱቦውን የሚያጠብቀው ፋሼታ ዝጎ ነበርና በካቻቪቴ ሰበርኩት። ቱቦውን ሳወጣ ወዲያው አፉን በጨርቅና በፌስታል አሰርኩት።

ከዚያ ያልጠበቅኩት መጣ። የፋይበሩ ወለል በሁለት ስስ ገጽ መካከል ጣውላ አለው። ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጣውላ ጠቁሯል። ጣቴን ስሰድበት እንደ እርጥብ አሻሮ ፈረሰ። ውኃው ወደ ታንኩ ብቻ ሳይሆን በቪቴዎቹ ቀዳዳ ወደ ጣውላውም ሲገባ ኖሯል። በማንኪያ እየፋቅኩ ደረቁ እንጨት እስኪደርስ አወጣሁት፤ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ሄደ። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተውኩት፣ ማታ ማታ በላስቲክ ሸፈንኩት። ከዚያ ኢፖክሲ የሚባለውን ሙጫ ከደቃቅ የእንጨት ዱቄት ጋር ለውሼ ሞላሁት። ሲደርቅ ድንጋይ ሆነ። በአሸዋ ወረቀት አስተካከልኩት። እግረ መንገዴን ቦታውን ከዙሪያው አንድ ጣት ያህል ከፍ አደረግኩት። አሁን ውኃ እዚያ ላይ አይተኛም፤ ወደ ጎን ይወርዳል። ከሠራሁት ሁሉ ይኼን ነው የምወደው።

አዲሱን ስገጥም መጀመሪያ ደረቁን አስቀምጬ የቪቴዎቹን ቦታ ምልክት አደረግኩ። ከሥሩ ማስቲሽ ቀባሁ። ሱቁ ውስጥ በየቦታው የሚሸጠውን የመስኮት ሲሊኮን እንዳትጠቀሙ፤ ቤንዚን ይበላዋል። የመኪና ዕቃ መሸጫ ላይ "ቤንዚን የሚቋቋም" የሚል የተጻፈበትን ጠይቁ። ቪቴዎቹን በአንዴ አላጠበቅኩም። ማስቲሹ ተጨምቆ ሁሉም እንዳያልቅ መጀመሪያ ለስለስ አድርጌ ያዝኩ፤ በማግሥቱ ጠበቅ አደረግኩ። ቱቦውን ወደ አንገቱ ጥልቅ አድርጌ በሁለት ፋሼታ አሰርኩት። አንዱ ቢለቅ ሌላው ይይዛል። ቱቦው ራሱ ካረጀ፣ ሲጨበጥ ከተሰነጠቀ አብራችሁ ቀይሩት።

አሮጌውን ሳወጣ ከአንገቱ ወደ ታንኩ የሚሄድ ቀጭን አረንጓዴ ሽቦ አይቼ "ይኼ ደግሞ ምን ይሠራል?" ብዬ ልጥለው ነበር። ጋሼ ጮኹብኝ። ቤንዚን ሲቀዳ ከቱቦውና ከፈሰሰበት ነገር ጋር እየተፋተገ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያጠራቅማል። ሹራብ ስታወልቁ ጸጉራችሁ እንደሚንጣጣው ማለት ነው። ሽቦው ያን ቻርጅ በብልጭታ ሳይሆን በሰላም ያወርደዋል። አጽድቼ መልሼ አሰርኩት። ከጀሪካን ስንሞላም የብረት ማንቆርቆሪያውን አፍ ከአንገቱ ብረት ጋር እያነካካን ነው። ጀሪካኑን ራሱን ከማደያ ስታስሞሉ ደግሞ መሬት ላይ አስቀምጡት። ሰው ተሳፍሮ እያለ አንሞላም፤ ሁሉም ይወርዳል። የሚያጉረመርም አይጠፋም፤ ያጉረምርም።

እስከ አፉ አትሙሉት። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል፤ ቦታ ካጣ በመተንፈሻው ወጥቶ ሐይቁ ላይ ይፈሳል። ከታንኩ ያወጣሁትን ውኃ የነካ ቤንዚንም ጣና ላይ አልደፋሁትም። ጀሪካን ውስጥ አሳድሬ ላይኛውን ለሞተር ዕቃ ማጠቢያ አደረግኩት። ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን።

አሁን የማደርገው ቀላል ነው። በወር አንድ ጊዜ ክዳኑን አውጥቼ ጥርሱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠርጋለሁ። አሸዋ ነው ጥርስ የሚበላው። ኦሪንጉን አውጥቼ አጣጥፌ አየዋለሁ። ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ ወይም ክብነቱ ጠፍቶ ጠፍጣፋ ከሆነ ይጣላል። ደህና ከሆነ የሲሊኮን ግራሶ በጣት ጫፍ አስነካዋለሁ፤ ሲሊኮን ማስቲሹና ሲሊኮን ግራሶው ለየቅል ናቸው፣ እንዳታደናግሩ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ደህናም ቢሆን እቀይረዋለሁ። ሦስት ትርፍ ኦሪንግ ፀሐይ የማያገኘው የቡና ቆርቆሮ ውስጥ አለኝ። ያን የጣሳ ፈተና ሰኔ ላይ እደግመዋለሁ።

ስትዘጉ አትጨክኑ። በእጅ አጥብቁና በቁልፉ ሩብ ዙር ጨምሩ፤ በቃ። "ይጥበቅ" ብሎ በሙሉ ጉልበት የሚያዞር ሰው ኦሪንጉን ይቆርጠዋል፤ ሲከፍት ደግሞ መዶሻ ይፈልጋል። አዲሱ መሙያ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ይዞ የመጣው። ወዲያው ቶርኖ ቤት ወስጄ ሁለት ቅጂ አሠራሁ። ጠፍጣፋ ብረት ላይ ሁለት ሹል ነገር መበየድ ነው፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አንዱ መሪው ላይ ታስሯል፣ አንዱ ቤት ነው፣ አንዱ ረዳቴ ኪስ ውስጥ።

ክዳኑን ከአንገቱ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ሰንሰለት አሮጌው ላይ ዝጎ ተበጥሶ ነበር። ከታንኩ ሥር ሁለት ፍሬ ሰንሰለት አግኝቻለሁ። በአዲሱ ላይ ሰንሰለቱን አንስቼ ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚሠሩበትን ወፍራም ናይለን ክር አሰርኩበት። ናይለን ቤንዚን አይጎዳውም፤ ቢያልቅም በየመንደሩ አለ። ክዳኑ ላይ ደግሞ በቀይ ቀለም "ቤንዚን" ብዬ ጻፍኩ። አንድ እንግዳ ረዳት የውኃ መሙያ መስሎት ባልዲ ሲያዘነብልበት በአየር ላይ ነው ያስቆምኩት።

የቀረኝ የመተንፈሻው አፍ ነው። ወደ ፊት ስለሚያይ ማዕበል ሲመጣ ፊት ለፊት ይቀበላል። ግንቦት ላይ ኦሪንጉን ስቀይር ወደ ኋላ አዞረውና ቱቦውን ከወለሉ በታች አንድ ጊዜ ወደ ላይ ቀለስ አደርገዋለሁ፤ የገባ ውኃ ሽቅብ እንዳይወጣ። ተርቡ እንዳይመለስም አፉ ላይ ስስ ወንፊት አደርግበታለሁ።